ደጅና ወለል

የወደብ ከተማዋ ኦታሩ ላይ በረዶ ሲጥል ሰው ሁሉ እኩል ነበር። ሁሉም አካፋውን ይዞ ይወጣል፣ ሁሉም ወገቡን ይዞ ይመለሳል። ያኤኮ ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀው ይህንኑ ነው። ጠዋት የጎረቤት አካፋ ሲፋጭ ትሰማና የራሷን ታነሳለች፤ ከበሯ እስከ መንገዱ ያለውን ቁልቁለት እየዛቀች ትወርዳለች፤ ታች ደርሳ ቀና ስትል ላይኛው ደረጃ እንደገና ነጭ ለብሷል። ታማርራለች፤ ጎረቤቷም ታማርራለች፤ አብረው ሲያማርሩት ደግሞ ነገሩ ይቀላል።

ይህን ያበላሸችው ሂሳኖ ናት።

ሂሳኖ የያኤኮ ልጅ የናጊሳ አማት ናት። ባሏ ከሞተ በኋላ አሮጌውን ቤት አስፈርሳ ታች ወደቡ አጠገብ፣ ሜዳው ላይ፣ አዲስ ቤት አሠራች። ቤት መሥራቷ ምንም አይደል። ከወለሉ ሥር የሙቅ ውኃ ቱቦ አስዘረጋች፤ እሱም ይሁን። ግን ደጅ፣ መኪና ከምታቆምበት ሲሚንቶ ሥር፣ ሌላ ቱቦ አስቀበረች። በረዶው ከሰማይ ይወርድና መሬቱን ሲነካ እንደ ስኳር ይሟሟል። ሰፈሩ በሙሉ ነጭ ሆኖ የሂሳኖ ደጅ ብቻ ጥቁርና እርጥብ ነው፤ ትንሽ ትንሽ እንፋሎት እየተነፈሰ።

ያኤኮ መጀመሪያ ያየች ቀን «እንዴት ደስ ይላል!» አለች። ደገመችው። አፏ ይህን ሲል ከደረቷ በታች አንድ ነገር ፍም ሆኖ ቁጭ አለ።

«ኧረ እኔስ እንጃ፣ የናጊሳ እናት፣» አለች ሂሳኖ፣ በነጠላ ጫማ ደጇ ላይ ቆማ። በጥር ወር በነጠላ ጫማ! «አካፋዬ የት እንደገባም አላውቅ። ልጄ ሹንጂ ነው አሠሪ አሠሪ እያለ መውጫ መግቢያ ያሳጣኝ።»

«ታድለው!» አለች ያኤኮ። ቤቷ እስክትደርስ ፈገግታው ከፊቷ አልወረደም፤ ከገባች በኋላ ጉንጯን አመማት።

እስከዚህ ድረስ ያለው ተራ ቅናት ነው፤ ሰው ይዞት ይኖራል። የከፋው ናጊሳ ያረገዘች ጊዜ ነው። ሴት ልጅ የመጀመሪያዋን ልትወልድ ስትል እናቷ ቤት ትመለሳለች፤ ወልዳም የአራስነቷን ወር እዚያው ትቆያለች። ያኤኮ እናቷ ቤት ነው የወለደችው፤ እናቷም እንደዚሁ። ስለዚህ የእርግዝናውን ወሬ በሰማች በማግስቱ ብርድ ልብሶቹን ፀሐይ ላይ አሰጣች፤ ትንሿን ክፍል ጠረገች፤ ምን ይጎድላል፣ ምን ይመጣ ይሆን እያለች እንቅልፍ አጣች። ሽሉ ገና ባቄላ አክሎ ሳለ እሷ የሚያስነጥስ ይመስል ለብርዱ ትጨነቃለች። በዚህ መሃል ናጊሳ ደወለች።

«እማዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እንዳትቆጪ።»

«እንዳትቆጪ ካልሽ የሚያስቆጣ ነው። ምንድን ነው? ደም አየሽ?»

«ኧረ ደህና ነኝ! የሹንጂ እናት ናቸው። እኛ ዘንድ ብትታረሺስ አሉኝ። ወለሉ ይሞቃል፣ መኪና በር ድረስ ይገባል… የእናትሽን ዳገት በጥር ወር እንዴት ትችይዋለሽ አሉኝ።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«እናቴን ልጠይቅ አልኩ።»

«አማት ቤት ልትታረሺ? እናትሽ በሕይወት እያለች?»

«እማዬ…»

«ደግሞስ እዚህም ወለሉ ይሞቃል እኮ።»

«የቱ ወለል? ስመጣ ካልሲ ላይ ካልሲ ደርቤ አይደል እንዴ የምቀመጠው?»

«ሊሞቅ ነው። እየተሠራ ነው።»

አልተሠራም ነበር። ስልኩን ዘጋችና ሳትቀመጥ ኦኩያማ ጋ ደወለች።

ኦኩያማ ባሏ በሕይወት ሳለ ጀምሮ የቤቱን ቦይለር የሚጠግን ሰው ነው። ሥራውን ይችላል፤ ግን የሚያኝከው ነገር ካላገኘ እጁ አይፈታም። ያኤኮም ይህን ስለምታውቅ የኮመጠጠ ፍጁል በሳህን ይዛ ነው የጠበቀችው። ማዕድ ቤቱ ጀርባ ያለውን ቦይለር ከፈተ፣ ነጭ ጋዝ የሚያመጣለትን ቱቦ ዳበሰ፣ መታ መታ አድርጎ አዳመጠ።

«ገና ጎበዝ ነው፣» አለ። «የመታጠቢያውን ውኃ እያሞቀ የአንዷን ክፍል ወለል አያቅተውም። ቱቦውን ከሥር እዘረጋለሁ፣ እንጨቱን ከላይ እመልሳለሁ፣ በቃ።»

«ደጁንም፣» አለች ያኤኮ።

«የምን ደጅ?»

«ከበሩ እስከ መንገዱ ያለውን። በረዶ እንዲያቀልጥ።»

ኦኩያማ ማኘኩን አቆመ። «እትዬ፣ ለዚያ እኮ ሌላ ቦይለር ነው የሚያስፈልገው። ደጅ ጣራ የለው፣ ግድግዳ የለው። ሰማይን ላሙቅ እንደማለት ነው።»

«ሂሳኖ አሠርታ የለም እንዴ?»

«እሳቸው ሁለት አላቸው። ትልቁ ለደጅ ብቻ ነው።»

ይህን አታውቅም ነበር። ሁለት! ፍሙ ደረቷ ውስጥ ተገላበጠና በሌላ ጎኑም ቀላ። «እኔ አንዱ ይበቃኛል። ሁለተኛ የማስቀምጥበት ቦታም የለኝ። ከዚሁ ቀጥልልኝ።»

«ሁለቱን ባንዴ አይችልም እያልኩዎት!»

«በየተራ ይሥራ። ሰውም የሚሠራው በየተራ ነው።»

ኦኩያማ ራሱን አከከ። ሲከራከሩ ሳህኑ ባዶ ሆነ፤ ያኤኮ ሞላችው፤ በሁለተኛው ሳህን ተስማማ። የደጁን ድንጋይ አንስቶ ቱቦ ቀበረ፤ ውኃው ውርጭ ላይ እንዳይረጋ ሌላ ዓይነት ፈሳሽ ሞላበት፤ ድንጋዩን መለሰ። ሲጨርስ ቦይለሩ አጠገብ ያለችውን ቀይ እጀታ ይዞ ጠራት።

«ይስሙኝ እንግዲህ። ይቺ የደጁ ናት። እሷን ሲከፍቱ ወለሉ ይቀዘቅዛል። ቀስ ብሎ ነው፣ ግን ይቀዘቅዛል። በረዶው ቀለል ሲል፣ ክፍሉ ውስጥ ሰው በሌለበት ሰዓት ነው የሚከፍቷት። ደግሞ በረዶ እየጣለ መሃል ላይ እንዳይዘጉ። ደጁ ደረቅ እስኪል ይጠብቁ። እርጥቡን ከዘጉበት ያ ሁሉ ውኃ እዚያው ይረጋና መስታወት ይሆናል፤ ድመት እንኳ አትቆምበትም።»

«ገባኝ፣ ገባኝ።»

«የገባዎት አይመስለኝም፣» አለና ሳቀ። «ከዚህ ፍጁል ትንሽ ልቋጥር?»

ያኤኮ በዚያው ሳምንት የድሮውን የነጭ ጋዝ ምድጃ ከክፍሉ አስወጥታ ለጎረቤት ሰጠች። ሕፃን ባለበት ቤት እሳት ያስፈራል፤ እውነቷን ነው። ግን ናጊሳ ገብታ ምድጃውን አይታ «ይኸው፣ የድሮው ቤት» እንዳትልም ነው።

ናጊሳ መጣች፤ በጥር መጀመሪያ ሆስፒታል ወለደች፤ ሴት ልጅ፣ ኮሃሩ ተባለች። ከሆስፒታል ወጥተው ክፍሉ ውስጥ ሲገቡ ናጊሳ ካልሲዋን አወለቀች፣ በባዶ እግሯ ቆመች፣ አይኗን ጨፈነች። «እማዬ፣ በእውነት ይሞቃል!» አለች። ያኤኮ ማዕድ ቤት ሄዳ ብቻዋን አለቀሰች።

ከዚያ በኋላ እንግዲህ ሥራዋ መጨነቅ ሆነ። ሕፃኗ ስትተነፍስ አፍንጫዋ ሥር ጣቷን ታስጠጋለች፤ ሳትተነፍስ የቆየች ሲመስላት የራሷ ትንፋሽ ይቆማል። መዳፏን ወለሉ ላይ አሳርፋ ሙቀቱን ትለካለች። በዛ ብላ መስኮት ትከፍታለች፤ አነሰ ብላ ትዘጋለች። «እማዬ፣ እንቅልፍ ስጪን!» ትላለች ናጊሳ።

ይህም ሁሉ ደስታ ነበር፤ ስልኩ ባይጮህ። ሂሳኖ በየጠዋቱ ትደውላለች።

«ልጃችን እንዴት አደረች?»

«ልጃችን» የምትለው ነገር! «ደህና አደረች። ጡት እየጠባች ነው።»

«ቤቱ ሞቀ?»

«ቀልጠናል።»

«ጎሽ። ለማንኛውም እዚህም ሁሌ ሙቅ ነው፣ ካስፈለገ።»

«ካስፈለገ» የምትለዋ ቃል እስከ ማታ ያኤኮ ጆሮ ውስጥ እንደ ትንኝ ትዞራለች።

አንድ ቅዳሜ ሂሳኖ በቀይ ባቄላ የተሠራ የምሥራች ሩዝ ይዛ እንደምትመጣ ነገረቻት። ሬዲዮው ደግሞ ከባሕሩ በኩል ከባድ በረዶና ውርጭ እንደሚመጣ እያወራ ነው። ያኤኮ ጠዋት ተነስታ በመስኮት አየች። ደጁ ነጭ ነው። እንደሁሉም ሰው ደጅ ነጭ! አካፋውን አነሳች፤ መልሳ አስቀመጠችው። ይህን ሁሉ ያሠራችው ለዛሬ አይደል? ሂሳኖ ያንን ዳገት ወጥታ፣ ሰው ሁሉ ሲዝቅ እያየች መጥታ፣ የያኤኮ ደጅ ጥቁር ሆኖ ብታገኘውስ? ለአንድ ሰዓት ብቻ፤ ሂሳኖ እስክታየው። ሕፃኗ እንደሆነች በብርድ ልብስ ተጠቅልላለች።

ሄዳ ቀዩን እጀታ አዞረችው።

ደጁ ጊዜ ወሰደ። መጀመሪያ ጠርዙ ረጠበ፣ ከዚያ መሃሉ ቀዳዳ ቀዳዳ ሆነ፣ እኩለ ቀን ሲሆን ድንጋዩ ሁሉ ተገልጦ ጠቆረ። በረዶው ግን እየበረታ ነው፤ ደጁ የወረደለትን ሁሉ ይውጣል፣ ደግሞ ይውጣል። ሂሳኖም ዘገየች። መኪናዋን መንገዱ ዳር አቁማ፣ ሩዙን በጨርቅ ቋጥራ ብቅ ስትል ቀኑ ወደ ማታ ዘንበል ብሏል። ያኤኮ ደረጃው ጫፍ ላይ ቆማ ጠበቀቻት። በነጠላ ጫማ።

«የናጊሳ እናት! ደጅዎ ጠቁሯል!»

«አይ፣ እንዲያው ትንሽ የቱቦ ነገር አስቀብሬ ነው።»

«መቼ? አልነገሩኝም እኮ!»

«ትንሽ ነገር ነው፤ ምን ይነገራል።» የእግሯ ጣቶች ደንዝዘዋል፤ ግን ከዚያች ደረጃ ንቅንቅ አላለችም።

ሂሳኖ ጎንበስ ብላ ድንጋዩን በጓንቷ ነካችው። ቀና ስትል ከንፈሯ ፈገግ ብሏል፤ ጉንጯ ግን ወደ ላይ ለመሄድ የከበደው ይመስላል። ያቺን ፈገግታ ያኤኮ ታውቃታለች። ምን ልበላችሁ፣ ማር ነው የቀመሰችው።

ማሩ ብዙም አልቆየ። ክፍሉ ውስጥ ኮሃሩ ታለቅሳለች፤ ያኤኮ አቅፋ ብትወዘውዛት፣ ብታንጎራጉርላት አልሆነም። «እስቲ እኔ ልያዛት፣» አለች ሂሳኖ። ተቀበለቻት፤ ዝም አለች። እንዲያው እንደ ተዘጋ ሬዲዮ ጭጭ!

«ለአዲስ ሰው ትጓጓለች፣» አለች ያኤኮ።

«እጄ ስለሚሞቅ ነው፣» አለች ሂሳኖ።

ተቀመጡ። ሩዙ ተፈታ፣ ሻይ ተቀዳ። ሂሳኖ ካፖርቷን አውልቃ ነበር የተቀመጠችው፤ ሻይዋን ሳትጨርስ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችው፤ ቆይታ እጅጌውንም አስገባች። ናጊሳ ብርድ ልብሱን ወደ ጉልበቷ ሳበች። ሂሳኖ ማንም ያላያት መስሏት መዳፏን ከጎኗ ወለሉ ላይ አሳረፈች።

«ወለሉ… ይሠራል?»

«ይሠራል እንጂ! ከውጭ ስለገቡ ነው። ከውጭ የገባ ሰው ቶሎ አይሞቀውም።»

«ከገባሁ እኮ ቆየሁ።»

«እማዬ፣ እኔም በርዶኛል፣» አለች ናጊሳ። «ቦይለሩ ተበላሽቶ ይሆን?»

«ምንም አልሆነም። አንዳንዴ እንዲህ ያደርገዋል፤ ይመለሳል።»

ኮሃሩ አስነጠሰች። ትንሽዬ ማስነጠስ ናት፣ የድመት ግልገል ያህል፤ ያኤኮ ግን አንጀቷ ላይ ነው ያረፈችባት። ሂሳኖ የሕፃኗን እግር ከጨርቁ ውስጥ ፈልጋ ያዘችው። «በረዶ ሆኗል፣» አለች። ወደ ናጊሳ ዞረች። «ልጄ፣ ቤቱ እስኪሞቅ እኔ ጋ እንሂድ። የሕፃን ወንበር መኪናው ላይ አለ። አስገጥሜ ነው የመጣሁት።»

«አስገጥመው?» አለች ያኤኮ። «ምን ብለው ነው ያስገጠሙት?»

«እንዲያው ለምናልባቱ።»

«ለምናልባቱ ሰው ጃንጥላ ይይዛል እንጂ የሕፃን ወንበር ያስገጥማል?»

«እማዬ!» አለች ናጊሳ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ምድጃውንም ሰጥተሽዋል። ይቺን ልጅ በምን ላሙቃት? ቦይለሩ እስኪሠራ ነው፤ ለራሴ ብዬ አይደለም።» ተነስታም የሕፃኗን ልብሶች መሰብሰብ ጀመረች።

ቦይለሩ እስኪሠራ! ያኤኮ ታውቃለች። ከዚያ ሙቅ ወለል ላይ አንዴ የተኛ ሰው ይህን ዳገት ተመልሶ አይወጣም። ወሩ እዚያ ያልቃል፤ ኮሃሩ የመጀመሪያ ፈገግታዋን እዚያ ታሳያለች፤ ያኤኮ እንደ እንግዳ ሩዝ ቋጥራ እየሄደች፣ በር ላይ ጫማዋን እያወለቀች ታያታለች።

ማዕድ ቤቱ ጀርባ ሄዳ ቀዩ እጀታ ፊት ቆመች። ቦይለሩ እንደሚያለከልክ ሽማግሌ ይጮሃል። ብትዘጋው ሙቀቱ ሁሉ ወደ ወለሉ ይመለሳል፤ ልጅቷ ትሞቃለች። ብትዘጋው ግን ደጁ ይረጋል። ደጁ ከረጋ ደግሞ ማን ወጥቶ ይሄዳል? ይህቺ ሁለተኛዋ ሐሳብ ከመጀመሪያዋ ጋር አብራ ነው የመጣችው፤ የትኛዋ እጇን እንዳነሳችው ያኤኮ ራሷም አታውቅም። እጀታው ዞረ። የቦይለሩ ድምፅ ዝቅ አለ።

ተመልሳ «ሳትበሉ አትሄዱም» አለች። የሳልሞን ሾርባ አሞቀች፣ ድንች ጨመረች፣ አልበሰለም አለች፣ ደግሞ አሞቀች። የራሷን ሹራብ አውልቃ ሕፃኗን ጠቀለለቻት። ሂሳኖ ሰዓቷን እያየች በላች። ወለሉ ቶሎ የሚመለስ ነገር አይደለም፤ ሳህኖቹ ሲነሱም ገና ብርድ ነው። ናጊሳ ካፖርቷን ለበሰች፤ ኮሃሩን ደረቷ ላይ አሰረች።

«እኔ ቀድሜ መኪናውን ላሙቅ፣» አለች ሂሳኖ። «አንቺ ልጅቷን ይዘሽ ቀስ ብለሽ ተከተይኝ።»

በሩን ከፈተች። ቀዝቃዛው አየር ገባ። ያኤኮ ከኋላቸው ሆና አየች፤ ነጭ መጠበቋ ነበር። ደጁ ግን ልክ እንደቅድሙ ጥቁር ነው። ነፋሱ አዲሱን በረዶ ጠርጎ ወስዶታል፤ ድንጋዩ የበሩ መብራት ሥር ያብለጨልጫል፤ ላየው ሰው እርጥብ ብቻ ነው። ሂሳኖም ያንን ጥቁር ደጅ አመነችው። በእጇ ዳስሳው ገብታ የለ? እንደ ሜዳ ሰው፣ ያንን ለስላሳ ሶል ያለው ጫማ ያደረገ እግሯን ሳትጠነቀቅ አንስታ አሳረፈች። ናጊሳም ከኋላዋ እግሯን አነሳች።

«አይውጡ!» ብላ ጮኸች ያኤኮ። «ናጊሳ ቁሚ!»

ልጇን በክርኗ ወደ ውስጥ ገፋች፤ የሂሳኖን ካፖርት በሁለት እጇ ጨመደደች። ሂሳኖ አንድ እግሯ ሄዷል፤ ካፖርቷ ይዟት ደረጃው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች፤ ያኤኮም ከኋላዋ ወለሉ ላይ ዱብ አለች።

«ምን… ምን ሆነው ነው?»

«ዘግቼዋለሁ፣» አለች ያኤኮ። ካፖርቱን አልለቀቀችም። «ደጁን ዘግቼዋለሁ። መስታወት ነው አሁን።»

«ለምን ዘጉት?»

«ቦይለሬ አንድ ነው፤ ሁለቱን አይችልም። ጠዋት እርስዎ እንዲያዩት ብዬ ከፈትኩት፣ ወለሉ ቀዘቀዘ። የተበላሸ ነገር የለም። እኔ ነኝ።»

ናጊሳ፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ «እኔ ቀድሜ ብወጣስ ኖሮ? ይቺን ይዤ?» አለች። መልስ አልጠበቀችም። ዞራ ወደ ክፍሉ ገባች፤ የክፍሉ ተንሸራታች በር ተዘጋ።

ብትጮህባት ለያኤኮ ይሻላት ነበር።

«እኔ እንዳየው ብለው?» አለች ሂሳኖ ወገቧን እያሸች።

«አዎ።»

«አየሁት። ግን አንድ እግር ጫማዬ የታለ?» አለች።

ሁለቱም አንገታቸውን አሰገጉ። ጫማው ቁልቁለቱን በሙሉ ተንሸራቶ ወርዶ፣ መኪናዋ ጎማ ሥር፣ ባለቤቱን የሚጠብቅ ይመስል ቆሟል። ሂሳኖ አፍንጫዋን ነፋች። ያኤኮ ከንፈሯን ነከሰች። ሳቁ ከየትኛቸው እንደጀመረ አይታወቅም፤ ብቻ ናጊሳ እንዳትሰማ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ ሁለት አሮጊት፣ በሩ ላይ ቁጭ ብለው ተንፈቀፈቁ።

ሂሳኖ ለልጇ ደወለች። ዳገቱ ለመኪና ተዘግቷል፤ ሹንጂ ጠዋት አሸዋ ይዞ እንደሚመጣ ተናገረ። ማዕድ ቤት ገብተው ተቀመጡ። ሳቁ ከሄደ በኋላ የቀረው ለያኤኮ ከበዳት።

«ነገ ይዘዋቸው ይሂዱ፣» አለች ስኒዋን እያየች። «ወንበሩም አለ። እርስዎ ቤት ይሞቃል፤ ደጁም አይከዳም። እኔ የማልታመን ሰው ነኝ።»

ሂሳኖ ተነስታ ልጆቹን ልያቸው ብላ የክፍሉን በር ቀስ ብላ ገፋች፤ እዚያው በሩ ላይ ቀረች። ያኤኮ ደንግጣ ተከተለቻት።

ወለሉ ሞቋል። ናጊሳ ካፖርቷን እንደለበሰች፣ ጉንጯን እንጨቱ ላይ አድርጋ፣ አፏን ከፍታ፣ አንድ እግሯን ብርድ ልብሱ ላይ ወርውራ ተኝታለች። ኮሃሩ ከጎኗ ክንዶቿን ወደ ላይ ዘርግታለች። ናጊሳ ታንኮራፋለች፤ ጥሩ አድርጋ።

«ታንኮራፋለች?» አለች ሂሳኖ በሹክሹክታ።

«ከልጅነቷ ጀምሮ ነው።»

ሂሳኖ ዓይኗን ከናጊሳ ላይ አልነቀለችም። «እኔ ጋ ስትመጣ ስኒ ታጥባለች፤ ትሪ ታነሳለች፤ ተንበርክካ ቀጥ ብላ ትቀመጣለች። ደከመሽ፣ ጋደም በይ እላታለሁ፤ አልደከመኝም ትላለች። አንድ ቀን ዓይኗን ስትጨፍን አይቻት አላውቅም። ያ ሁሉ ሙቅ ወለል እያለ!»

ያኤኮ ቀና ብላ አየቻት። ፊቷን አወቀችው። ከደረቷ በታች ፍም ያለበት ሰው ፊት ነው። መጀመሪያ፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ደስ አላት፤ ከእግር ጣቷ እስከ ራሷ። ከዚያ ቅድም በሩ ላይ በእጇ የያዘችው ካፖርት ክብደት ትዝ አላትና አፈረች። ቁም ሣጥን ከፍታ ወፍራሙን ፍራሽ አወጣች።

«እርስዎ እዚህ ጥግ ይተኙ፣» አለች እያነጠፈች። «ሙቁ ውኃ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያልፈው በዚህ ነው። ከሁሉም የሚሞቀው ይኸ ነው።»

«እርስዎስ የት ሊተኙ?»

«እኔ ማዕድ ቤት አጠገብ ለምጃለሁ።»

ጠዋት ሹንጂ ቁልቁለቱን አሸዋ እየበተነ ወጣ። የእናቱን ጫማ በብብቱ ይዟል፤ ምን እንደተፈጠረ ለመጠየቅ አፉን ከፍቶ የሁለቱን ሴቶች ፊት አየና ዘጋው። ናጊሳ ኮሃሩን እያጠባች ነበር። ሂሳኖ ካፖርቷን ለብሳ መሃል ቆመች። ማንም «እንሂድ» አላለም፤ ሁሉም ናጊሳን ያያል።

«ሹንጂ፣ መፍቻ አለህ?» አለች ናጊሳ።

«መኪና ውስጥ አለ። ለምን?»

«ማዕድ ቤቱ ጀርባ ያለችውን ቀይ እጀታ ፍታና አምጣልኝ።»

አመጣላት። ከመዳፏ የማትበልጥ ብረት ናት። ናጊሳ አገላብጣ አየቻት፤ የሕፃኗ ልብስ ያለበት ቦርሳ ውስጥ ከተተቻት፤ ቦርሳውን ዘጋች።

«ወሩ እስኪያልቅ እዚሁ ነኝ፤ እጀታዋም እኔ ጋ ትቀመጣለች፣» አለች እናቷን እያየች። ቁጣዋ ከዓይኗ ገና አልወጣም። «ሁለተኛ ኮሃሩን ቢበርዳት ግን እማዬ፣ በእግሬም ቢሆን እወርዳለሁ። ሰምተሽኛል?»

«ሰምቻለሁ፣» አለች ያኤኮ። «ሰምቻለሁ ልጄ።»

ሂሳኖ ቀስ ብላ ተነፈሰች። ወደ በሩ ሄደች። ያኤኮ ያንን ለስላሳ ጫማ እንደገና ልታደርገው ስትል አይታ ቀማቻት፤ የራሷን የጎማ ቦት ጫማ አስጠለቀቻት፤ ሰፊ ነው፣ ሂሳኖ እንደ ዳክዬ ሆነች። ሹንጂ ክንዷን ያዘ። ሁለት ደረጃ ወርዳ ቆመችና ዞረች።

«ጫማውን ነገ እመልሳለሁ። ነገ ደግሞ የልጅቷን ገላ እኔ ነኝ የማጥበው።»

«ነገ?» አለች ያኤኮ። ፍሙ ብልጭ አለ፤ አመድ ሥር ነበር እንጂ መች ጠፋ። «ሰውነቷን እኔ ነኝ የማጥበው። እጄን ለምዳለች።»

«እኔስ? ፎጣ ልያዝ?»

ያኤኮ አሰበች። ልቧ እየተሟገተ አሰበች።

«ፀጉሯን እርስዎ ይጠቡ።»

«ፀጉሯን! እሺ። ፀጉሯን እኔ አጥባለሁ፣» አለች ሂሳኖ፤ በዚያ ሰፊ ጫማ አሸዋውን እየረገጠች ደስ ብሏት ወረደች።

ያኤኮ መኪናው እስኪሄድ ደጅ ላይ ቆየች። ኮሃሩ ያላት ፀጉር ማጅራቷ ላይ ያለችው አንዲት ቁንጥር ናት፤ በሁለት ጣት ውኃ የምታልቅ። ያኤኮ እሷንም ለሂሳኖ ሰጠች።